ቅቤ ጨምሪበት የተባለች እናት

ስልኩ ሲጮህ ብፅዓት የአንድ ሙሽራ ሱሪ ወገብ እየፈታች ነበር። ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ጠባብ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሱቁ የጋሽ ፀሐዬ ነው። እሳቸው ኮትና ካፖርት ይሠራሉ፤ እሷ የጠበበውን ታሰፋለች፣ የሰፋውን ታጠባለች፣ የረዘመውን ታሳጥራለች።

«የሌዊ እናት ነሽ?» አለች በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ። «የትምህርት ቤቱ ነርስ ነኝ። አትደንግጪ፣ ሌዊ ደህና ነው። ሰሞኑን የሪሴፕሽን፣ የጀማሪ ክፍል ልጆችን ቁመትና ክብደት ለክተን ነበር። ስለ እሱ ክብደት ላነጋግርሽ ፈልጌ ነው።»

አትደንግጪ ስትባል ደነገጠች። መቀሱን አስቀመጠች።

«ቀነሰ እንዴ?»

«አልቀነሰም። እንዲያውም…» ነርሷ ቃል የምትመርጥ ትመስል ነበር። «ለዕድሜውና ለቁመቱ ከሚገባው በጣም ከፍ ያለ ነው።»

ብፅዓት እንግሊዝኛው ያመለጣት መሰላት። «ከፍ ያለ ነው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደል?»

«አይደለም። ከመጠን በላይ ነው ማለቴ ነው። ለጤናው ጥሩ አይደለም።»

«የኔ ልጅ? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሌዊ አለ እኮ። ተሳስታችሁ እንዳይሆን።»

ነርሷ የአባቱን ስም ጠራች፤ የትውልድ ቀኑን ጠራች። ልክ ነበር። ቀጠሮ ልያዝልሽ ወይ ስትላት ብፅዓት «እሺ» አለች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለምኑ እሺ እንዳለች ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ጋሽ ፀሐዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ደህና ነው?»

«ሌዊ ወፍሯል አሉኝ።»

«ታዲያ እሰየው ነዋ!» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ብፅዓት ለንደን የመጣችው ለትምህርት ነበር። ትምህርቱን ሳትጨርስ መርዕድን አገኘች። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ቶሎ የማይቆጣ ሰው። ተጋብተው ካምደን ውስጥ በአንዲት ክፍል ሲኖሩ ሌዊ ተረገዘ፤ በሰባት ወሩም ተወለደ። ክንዱ የአባቱን አውራ ጣት አያህልም ነበር። ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስተኝተውት፣ ወተቱ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ እየተንጠባጠበ ሳምንታት አለፉ። ጠዋት ጠዋት ነርሶቹ ሲመዝኑት እሷ ከኋላቸው ቆማ የሚዛኑን ቁጥር ትጠብቃለች። ጨመረ ሲሏት ለመርዕድ ደውላ ታለቅሳለች። ቀነሰ ሲሏት ያን ቀን እህል አይወርድላትም። በሕይወቷ የጸለየችው ጸሎት ሁሉ ቢደመር ያን ጊዜ ስለ ግራም የጸለየችውን አያክልም።

ወደ ቤት ሲላክ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ አስቀምጣ መከረቻት። «የሚበላው ነገር ሁሉ ላይ ቅቤ ጨምሪበት። ድንቹ ላይ ክሬም፣ ፓስታው ላይ አይብ። እንቢ ካለሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ትንሽ ቆይተሽ ደግመሽ ስጪው።» ብፅዓት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ የተባለችውን አንድም ሳታጎድል አደረገች። ከዚያ ከማዘጋጃ ቤቱ የካውንስል ኪራይ ቤት ደረሳቸውና ቶተንሃም ገቡ። ሐኪማቸው ተቀየረ፣ የሆስፒታሉ ክትትል በመሐል ጠፋ። ጨምሪ ያላት ሰው ነበር። በቃ፣ አሁን አቁሚ ያላት ግን አልነበረም።

ሌዊም ጉንጭ አወጣ። ክንዱ ላይ እንደ ዳቦ የተከፋፈለ ሥጋ መጣ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያቅፉት ነበር። «ያ አይተርፍም የተባለው ልጅ ነው ይሄ? እንዴት ተመችቶታል!» ይሏታል። ብፅዓት ያን ስትሰማ ልጁን መልሳ ተቀብላ ጉንጩን ትስመው ነበር። ያ ጉንጭ የመጣው በእሷ ድካም ነዋ።

ነርሷ በደወለችበት ቀን ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ሌዊን ልትወስድ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ሌላውን ሌዊ በዓይኗ ፈለገችው። ሹራቡን በወገቡ አስሮ ወጣ። ጉልበቱ የሾለ፣ አንገቱ ቀጭን። ይሄንን ደግሞ ማን ይመግበዋል ብላ አዘነችለት። ወዲያው የራሷ ሌዊ ቦርሳውን እየጎተተ ወጣና እጇ ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ስለ አንድ ተለጣፊ ሥዕል ሲጨቃጨቁ ደጋግማ አየቻቸው። ዓይኗ ምንም አልነገራትም። አንዱ የከሳ ልጅ ነው፤ አንዱ ልጇ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አልታይ አላት።

ማታ ራት ላይ ለቤተሰቡ ነገረቻቸው። የመርዕድ እናት እማማ ዓይናዲስ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። እሷና መርዕድ ሥራ ሲውሉ ልጆቹን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ነው፤ ብዙ ዓመት የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አማርኛቸው ከወጡበት ጊዜ ብዙም አልራቀም።

«ይሄ የቢሮክራቶች አሻጥር ነው» አሉ ሰምተው ሲጨርሱ። «የሚሠራ ሥራ ሲያጡ የሰው ልጅ ሥጋ ይመዝናሉ።»

መርዕድ ሳቀ። «ወንድ ልጅ ነው፣ ይረዝምና ይሄድለታል። ይልቅ የምትሄጂ ከሆነ ቢታንያን ቼክ ያድርጉልሽ። የሷ ነው የሚያስፈራው።»

በዚህ ሁሉም ተስማሙ። ቢታንያ ሁለተኛዋ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆናት ነው። በጊዜዋ ነው የተወለደችው፤ ግን እግሯ እንደ ወፍ እግር ቀጭን ነው፣ ልብሷ ሲወልቅ የጎን አጥንቷ ይታያል። ሁለት ጉርሻ በልታ ትነሳና ትሮጣለች። ብፅዓት ማንኪያ ይዛ ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ኮሪደር ስትከተላት ነው የምታመሸው።

በዚያው ሳምንት ብፅዓት የሌዊን አዲስ የትምህርት ቤት ሱሪ ልታሳጥር ሱቅ ይዛው ሄደች። ማሽኑ ላይ ዘርግታው ሳለ ጋሽ ፀሐዬ አለፍ ሲሉ አነሱት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሌዊ ነው ጋሼ።»

«የሌዊ?» ሱሪውን ወደ ብርሃኑ አደረጉት፤ ወገቡ ውስጥ የተሰፋውን የልክ ምልክት ገልብጠው አነበቡ። «የስምንት ዓመት ልጅ ሱሪ ነው እኮ። ሌዊ አምስት ዓመቱ አይደል እንዴ?»

«የዚህ አገር ልብስ ጠባብ ነው» አለች ብፅዓት። ሁልጊዜ የምትለው ይሄንኑ ነበር።

ጋሽ ፀሐዬ ሱሪውን አስቀምጠውላት ሄዱ። እሷ ግን መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቃታት። ዓመቱን ሙሉ የሌዊን ሱሪዎች ከእግር በኩል ስትቆርጥ ነበር፤ ወገቡን ነክታው አታውቅም። ደንበኛ በር ከፍቶ ሲገባ ሜትር ሳታወጣ ወገቡን የምትገምት ሴት ናት። ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የምትውለው። የልጇን ወገብ ግን በዚያ ዓይን አይታው አታውቅም። ይሄ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ስታስብ ፈራች፤ በምን እንደምትተማመን ጠፋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዝብርቅርቅ ነበር። ሰኞ ለሌዊ ግማሽ ሰሃን ትሰጠዋለች። ማክሰኞ የማሞቂያው ሳጥን ትዝ ይላትና እጥፉን ትጭንለታለች። ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥታ ጣለችው፤ እማማ ዓይናዲስ ሌላ ገዝተው አስገቡ። ብስኩቱን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ደበቀችው፤ መርዕድ ከሥራ ሲመጣ አገኘውና ከልጁ ጋር ተካፈለው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ አንዱ ወተት ከልክዪው ይላል፣ ሌላው አትከልክዪው ይላል። ሔርሜላ የምትባል እዚሁ ተወልዳ ያደገች ጓደኛ አለቻት። ብትጠይቃት «ፉድ ላይ ኢሹ እንዳትፈጥሪበት ብቻ፤ እኔን እናቴ ዳይት አስይዛኝ እስካሁን አልወጣልኝም» አለቻት። ይሄም ሌላ ፍርሃት ጨመረባት።

ቅዳሜ ቀን ማቲ የሚባል የጓደኛቸው ልጅ ልደት ነበር፤ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ። ሌዊ ኬኩን በልቶ ጨረሰና ለሁለተኛ ጊዜ ተሰልፎ ቁራሹን ይዞ ሲመጣ ብፅዓት አየችው። አስባበት አልነበረም። ተነስታ ሰሃኑን ከእጁ ላይ ወሰደችው።

ልጁ አላለቀሰም። እጆቹ ሰሃን እንደያዙ ሁሉ ተዘርግተው ባዶ ቀሩ።

«ኧረ ልጁ ይብላበት!» አለች አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ጮክ ብላ። «በልደት ቀን? ምን ነካሽ ብፅዓት?»

ሌላዋ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ልክ ነሽ፤ እኔማ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ስንት ጊዜዬ» አለቻት።

ብፅዓት በሁለቱም አፈረች። በየትኛዋ ይበልጥ እንደተናደደች ለይታ መናገር አትችልም። ሰሃኑን የት እንደምታስቀምጥ ስታጣ ጎንበስ አለችና ያንኑ ኬክ በሹካ ቆርሳ ቢታንያ አፍ ውስጥ ከተተችው። ሕፃኗ ተፋችው።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ከፊት ተቀመጡ። ቢታንያ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ሌዊ በመስኮቱ መንገዱን ያያል።

«እማዬ።»

«ወዬ የኔ ጌታ።»

«ማይ ሆድ ባድ ነው?»

«ማን አለህ እንደሱ?»

«ማንም። ቢታንያን ብዪ ብዪ ትያታለሽ። እኔን ስቶፕ ትይኛለሽ።»

«ሆድህ ባድ አይደለም። በጣም ጎበዝ ሆድ ነው።»

«ታዲያ ዋይ?»

ለራሷም ገና ያልገባትን ለአምስት ዓመት ልጅ እንዴት ታስረዳ? ጭንቅላቱን ወደ ራሷ አስጠግታ ሳመችው፤ ጸጉሩ ኬክ ኬክ ይሸታል።

በቀጠሮው ቀን መርዕድም ፈረቃ ቀይሮ አብሯት ሄደ። የሄደው ሊከራከር ነው። ነርሷ ረጅም ሴት ናት፤ ድምፅዋ በስልክ ከሚሰማው ለስላሳ ነው። ሌዊንም ቢታንያንም መዘነች፣ ለካች፤ ከዚያ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ካሉት መጫወቻዎች ጋር ተወቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ዘረጋች። ከቀጭን እስከ ወፍራም በተርታ የተሳሉ ሕፃናት ነበሩበት፤ ፊት የላቸውም፣ ቅርጽ ብቻ ናቸው።

«ሌዊ የትኛውን ይመስላል?»

ብፅዓት መካከል ላይ ያለውን ጠቆመች። መርዕድ ትንሽ አሰበና ከእሱም ቀጠን ያለውን መረጠ።

«ቢታንያስ?»

የሁለቱም ጣት በአንድ ጊዜ የመጀመሪያውን፣ ከሁሉ ቀጭኑን ነካ። ጣታቸው ተጋጨ።

ነርሷ አልሳቀችም። ለሌዊ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለውን ወፍራሙን አመለከተች። ቢታንያን ደግሞ ብፅዓት ለሌዊ የመረጠችው መካከለኛው ላይ አደረገቻት። «ቢታንያ ለቁመቷ የሚገባትን ያህል ናት። ምንም የጎደላት ነገር የለም።»

«አይሆንም» አለች ብፅዓት። «አጥንቷ ይታያል።»

«በዚህ ዕድሜ፣ ጤነኛ ሆና እየሮጠች፣ ትንሽ ቢታይ አያስፈራም።»

ብፅዓት ባሏን አየችው። ክርክሩ ከአፉ ጠፍቶ ሥዕሎቹን ይመለከታል። የዚያን ጊዜ ነው ድምፅዋ ያመለጣት። «ቅቤ ጨምሪበት ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ! እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። ክሬም አድርጊበት፣ እንቢ ሲል ደግመሽ ስጪው አላችሁኝ። አሁን ደግሞ በዛ ትሉኛላችሁ። የቱን ልስማ?»

ሌዊ ከመጫወቻው ቀና አለ።

«ያኔ ትክክል ነበር» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ልጅሽን ያተረፈው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አሁን በቃ ሊልሽ የሚገባ ሰው ነበር፤ ማንም አላለሽም። ይቅርታ አድርጊልን። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ብፅዓት ይቅርታውን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ለጠብ ነበር የተዘጋጀችው።

ነርሷ የቤታቸውን ራት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድትነግራት ጠየቀቻት። ብፅዓት ነገረቻት፤ ሌዊ እንደሚበላ፣ ቢታንያ እንደምትሮጥ፣ እሷ ማንኪያ ይዛ እንደምትከተል።

«ቢታንያ ያስተረፈችውን ማን ይበላዋል?»

ብፅዓትና መርዕድ ተያዩ።

«እኔ!» አለ ሌዊ ከምንጣፉ ላይ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ምግብ ዌስት አይደረግም።»

መርዕድ መሳቅ ጀመረና መሐል ላይ አቆመ። ለካ በየቀኑ የቢታንያን ሰሃን ከልክ በላይ የሚሞሉት ምናልባት ዛሬ ትበላ ይሆናል ብለው ነው። የሌዊ ራት ያለቀ የሚመስላቸው የራሱ ሰሃን ሲያልቅ ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እማማ ዓይናዲስ የሚሰጡት ሩዝ አለ። የትምህርት ቤቱ ምሳም አለ። ሁሉም እየመገበው ነበር፤ ሁሉም የመገበው እሱ ብቻ መስሎት።

ምክሩ ብፅዓት ከጠበቀችው ያነሰ ነበር። አታስርቢው፣ እየረዘመ ሲሄድ ይስተካከላል፤ ሁለቱም ከአንድ ድስት፣ በየልካቸው ይብሉ፤ ቢታንያ በቃኝ ስትል ይብቃት፤ ስለ ሆዱ ፊቱ አታውሩ፤ ብዙ ይሩጥ። ቅቤውም ለጊዜው ይቅር።

ከሁሉ የከበዳት ለእማማ ዓይናዲስ መንገር ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን ወጥ ቤት ውስጥ ጎመን ሲቀነጥሱ ነገሩን አነሳችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት ነው የምትዪኝ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ኧረ አይደለም እማማ። እኔም ነኝ፣ እሱም ነው። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም።»

እማማ ሌላ ቅጠል አነሱ። «ሱዳን ስንገባ» አሉ፣ «ከመርዕድ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ልክ የቢታንያን ያህል ነበረች። ጉንጯ ነው መጀመሪያ የሄደው። ከዚያ እግሯ። እኔ ልጅ ከስቶ ሲሞት ነው ያየሁት ብፅዓት፤ ወፍሮ የሞተ አላየሁም።»

ብፅዓት የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች። መርዕድ እህት እንደነበረችው ነግሯት አያውቅም። በኋላ ስትጠይቀው እሱም ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ስሟ ማን ነበር እማማ?»

«ፅዮን።» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «በይ አሁን ምን ላድርግ? ሩዙን ተዪ በዪኝና ልተው። ግን ልጁ ከደጅ ሲገባ ራበኝ ብሎ ዓይን ዓይኔን ካየኝ አልችልም፤ እወቂው።»

ቆይተው የተስማሙት በአንድ ነገር ነው። እማማ ከትምህርት ቤት ሲያመጡት አውቶቡሱን ይተዉና በፓርኩ በኩል በእግር ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያርፉ ሌዊ ይሮጣል። ቤት ሲደርሱ ራት ደርሶ ይጠብቃል፤ ለሩዙ ጊዜ የለም። ያም ሆኖ በዝናብ ቀን ሩዙ ተመልሶ ይመጣል፤ ብፅዓትም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ማንኪያ ይዞ መከተሉንም ለመተው ብዙ ታግላለች። አንዳንድ ቀን ኮሪደሩ መሐል ላይ ቆማ ራሷን ታገኘዋለች፤ ማንኪያው ላይ ያለውን እሷው ጎርሳው ትመለሳለች።

በበጋው ማብቂያ ላይ ሌዊን ለብቻዋ ይዛው ሄደች። ነርሷ መዘነችው፣ ለካችውና ፈገግ አለች። «በጣም ጥሩ ነው!»

ብፅዓት ቁጥሩን አየች። «ጨምሯል እኮ።»

«አዎ፣ ትንሽ። ግን ቁመቱ ከዚያ የበለጠ ሄዷል። ልክ በፈለግነው መንገድ ነው።»

መንገድ ላይ ደጋግማ አሰበችው። ያኔ ሲጨምር ደስ አላቸው። ቀጥሎ ጨመረ ብለው ጠሯት። አሁን ደግሞ ጨምሮ ደስ አላቸው። ሱቅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቁርጡን ይነግሯት ነበር፤ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ሌዊን አየችው፤ ከፊቷ የእግረኛ መንገዱን ስንጥቆች እየዘለለ ይሄዳል። የወፈረ ልጅ ነው? የከሳ ልጅ ነው? አሁንም ዓይኗን አላመነችውም።

ቤት ሲገቡ መርዕድ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ጠበቃት። «እህስ፣ ምን አሉ?»

«ጨምሯል። ጥሩ ነው አሉ።»

«ጨምሮ እንዴት ጥሩ ይሆናል?»

«እኔም በደንብ አልገባኝም» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ግን ሴትዮዋ ደስ ብሏት ነበር።»

እማማ ዓይናዲስ ከሳሎን ሆነው ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኙት። «ቁርጡን ንገሩኝ እንጂ! ልጁ ወፈረ ወይስ ከሳ?»

ብፅዓት ዞር ብላ ሌዊን አየችው።

«ረዘመ እማማ» አለቻቸው።

«እንዲህ በሉኝ ታዲያ» አሉና ቴሌቪዥኑን መልሰው ከፈቱት።